ሦስተኛው ግርማ

ሐረር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለግርማ አባት ለአቶ እንደሻው
አዋሽ

እንደምን ሰንብተዋል? የአዋሽ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልዎ የልጅዎን ድል ላበሥርዎ ነው።

እርስዎ ለባቡሩ ሥራ ከሄዱ ወዲህ ሐረር ውስጥ ሁለት ግርማዎች ስም አውጥተዋል፤ ዳኛው ግርማና አምና በውድድር ያሸነፈው ብስክሌተኛው ግርማ። የእኛን ልጅ ሰዉ ከእነሱ የሚለየው «አንካሳው ግርማ» እያለ ነበር። ከግንብ ወድቆ የተሰበረው እግሩ አጥሮ መቅረቱን ያውቃሉ። እንዲያ ሲጠሩት አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ገበያ መሐል ስንቴ እንባዬን ዋጥኩ።

ጎረቤታችን ብስክሌት ጠጋኙ ዐብዱልወሃብ አንዱን ፔዳል በእንጨት አወፈረና ለአጭሩ እግሩ አስተካከለለት። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ውድድር ሲጠራ ግርማ ተመዘገበ። «ሰው ይስቅብሃል፤ ይቅርብህ» ብዬ ለመንኩት።

ዐብዱልወሃብ ግን «ተይው እትዬ ለተማርያም» አለኝ። «ደንገጎ ዳገት ላይ ሁሉም ያነክሳል። እሱ ደግሞ ለምዶታል፤ ኢንሻአላህ ይወጣዋል።»

እሑድ ውድድሩ የሚያበቃበት የግንቡ መግቢያ፣ ፈላና በር ቆመን ስንጠብቅ፣ ቀድሞ የደረሰ መኪና «ግርማ እየመራ ነው» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ብስክሌተኛው መሰለው። የብስክሌተኛው እናት እልፍነሽ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ ነጠላዬን ጨብጬ መንገዱን አየሁ። ከመታጠፊያው ብቅ ያለው ግን የእኛው ነበር፤ አቧራ ለብሶ፣ ብቻውን። እልፍነሽ አዩትና እጄን ያዙኝ። «የእኔ አይደለም፤ ያንቺው ነው» አሉና እንደገና ከእኔ ጋር እልል አሉ።

ዋንጫውን የሰጡት ዳኛው ግርማ ናቸው። «ሙሉ ስምህ ማነው?» ሲሉት ልጅዎ ቀና ብሎ፣ በሩ ላይ ያለው ሕዝብ እስኪሰማ «ግርማ እንደሻው» አለ። ዳኛው ሳቁና «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ግርማ ተብሎ ሲጠራ እኔ አቤት አልልም» አሉ። እኔ እንኳ ይህን ኋላ ሰዎች ነገሩኝ እንጂ ያኔ አልሰማሁትም፤ ስምዎ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሐረርን ወክሎ አዲስ አበባ ይወዳደራል። የሚሄደው ከድሬዳዋ በባቡር ነው፤ ባቡሩ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል። እንደጻፍኩልዎ አያውቅም። ሥራ ካልያዘዎ ወደ ጣቢያው ወጣ ይበሉ። ጎርምሷልና መልኩን ባይለዩት እንኳ ስሙን ይጥሩት፤ ባቡሩ ውስጥ ስንት ግርማ ቢኖርም፣ በእርስዎ ድምፅ የሚዞረው አንዱ ነው።

የቁልቢው ገብርኤል ካሉበት ይጠብቅዎ።

የልጅዎ እናት
ለተማርያም