ማተቤ ላይ ያሰርኩት ቁልፍ

ሰሊዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽን በቀደም አወጣን። ሰው መጣ፣ በላ፣ አለቀሰልሽ፣ ሄደ። ጥግ ይዘው «ምን ልትፈልግ ውኃ ውስጥ ገባች?» የሚሉ አሁንም አልጠፉም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግሽ መሆንሽን፣ ቶሮንቶም ከመጣሽ በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ማዕበል ላይ ቆመሽ የምትንሸራተቺበትን ሰርፍቦርድሽን መኪና ላይ ጭነሽ ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ የምትሮጪ መሆንሽን ስንቴ ልንገራቸው? ሐይቅ ማዕበል ያለው አይመስላቸውም። በእርግጥ እኔም አንቺን ሳላገባ አይመስለኝም ነበር።

ኖርዝ ዮርክ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ዓሣ ግን ከዚያ ወዲህ አልገባበትም። እኔ አሁንም የሰው ኩሽና ውስጥ ቁምሳጥን እገጥማለሁ። ልጃችን ማኪ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ድምፅዋ ቁርጥ ያንቺ ሆኗል፣ ከታች ሆና ስትጠራኝ እደነግጣለሁ።

ያን ቀን ካንቺ ቀድሞ ዳር የወጣውን ቦርድ ፖሊሶቹ ሲያስረክቡኝ፣ ጋራዥ አስገብቼ በመጋዝ ቆራረጥኩት። ከእግርሽ ጋር ያገናኘው የነበረው ገመድ ለምን እንደተበጠሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የቀረው በእጅሽ የሠራሽው ሌላው ቦርድ ነው። ፎሙን ጠርበሽ፣ በጨርቅና ሬዚን በሚባለው ሙጫ ሸፍነሽ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው እኔ ስነጫነጭብሽ የከረምንበት። የጎደሉት ፊኖቹ ብቻ ነበሩ፤ እነዚያ ከሥሩ የሚገጠሙት፣ የዓሣ ክንፍ የሚመስሉት። ፊን የሌለው ቦርድ ማዕበል ላይ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ አይታዘዝም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ይሁን ወይስ ሦስት ትናንሽ እያልሽ ስንት ምሽት አቃጠልሽ! አንዱ ቀጥ አድርጎ ይወስዳል፣ ሦስቱ ግን እንደ ልብ ያዞራሉ ትይኝ ነበር። የኩሽና በር ቀለም መምረጥ ካቃታቸው ደንበኞቼ ሁሉ አንቺ ትብሻለሽ እያልኩ ስቄብሻለሁ። በመጨረሻ ሦስት ብለሽ ወሰንሽ፣ ቦታቸውን በእርሳስ አሠመርሽ። በሳምንቱ ሐይቁ ወሰደሽ።

እናትሽ ከሐዋሳ ደውለው «ልጄን የበላው ነገር ወንድም ነው፣ አቃጥሉት» አሉኝ። እሺ እማማ አልኳቸውና አንሶላ አልብሼ ግድግዳ አስደገፍኩት።

በጋው ሊያልቅ ሲል ማኪ አንሶላውን ገፈፈችው። «አባዬ፣ የእማዬን ቦርድ ፊኒሽ እናድርገው፤ ፎል ሲመጣ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣ እኔ ይዤው እገባለሁ» አለች። እምቢ ማለት ሲያቅተኝ መምረጥ ጀመርኩ። ፕላስቲኩ ይለመጣል፣ የእንጨቱ ውኃ ይጠጣል፣ ይሄኛው ይተልቃል፣ ያኛው ያንሳል፤ በየሳምንቱ አንድ ሰበብ። ፊን እስካልተገጠመለት ድረስ ልጄን የትም አይወስዳትማ። አንቺን መሰለችና ደረሰችብኝ። «አይ ኖው ምን እያደረግክ እንደሆነ። አንተ ባትገጥመውም የሰው ቦርድ ይዤ እገባለሁ» አለችኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በገመድ አላስራት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው፤ የጠላሁት ውኃ ልጄን ሊወርሰኝ ነው።

እናም ጀመርኩት። አንቺ በሬዚን ለዘለቄታው ልታጣብቂያቸው ነበር ሐሳብሽ። እኔ ግን ፊኑ በብሎን የሚታሰርበትና የሚፈታበት ማቀፊያ ገዛሁ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። የግራና የቀኙን መስመሮችሽን ሳያቸው ጠማማ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ውስጥ አጋድሏል። እጇ ስቶባታል ብዬ፣ ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። ማዕዘን መለኪያዬን አምጥቼ ቀጥ አደረግኩልሽ፣ ማቀፊያው እንዲገባም አንደኛውን ጎን በማሽን ቦረቦርኩት። ማኪ ስትገባ ጮኸች። «እማዬ ሆን ብላ ነው!» አለች። ለካ የጎን ፊኖች ፊታቸውን ወደ ቦርዱ አፍንጫ ዘንበል ካላደረጉ ቦርዱ በወጉ አይዞርም። ዕድሜውን ሁሉ ጠማማ ሲያቀና ለኖረ ሰው፣ አጣምመህ ግጠም ያለው ማን አለ? የቦረቦርኩትን በሬዚን ሞላሁት፣ ሲደርቅ በሸካራ ወረቀት ፈተግኩት፣ እንደገና ባንቺ መስመር ላይ ቦረቦርኩ። ጠባሳው ከጎኑ ቀርቷል። የእርሳስሽ ምልክት በማሽኑ ሲበላ ሳይ ግን አልቻልኩም፤ ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጬ እንደ ቀብርሽ ቀን አለቀስኩ።

ማቀፊያዎቹን ያጣበቅኩበት ሬዚን ሲደርቅ ምክንያቴን ለማኪ ነገርኳት። «ቦርዱ ያንቺ ነው፣ ፊኖቹና የብሎኑ ቁልፍ ግን እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ። መግባት በፈለግሽ ቀን ትጠሪኛለሽ፤ መጥቼ፣ ነፋሱን አይቼ፣ በእጄ እገጥምልሻለሁ፤ ስትወጪ እፈታቸዋለሁ» አልኳት። ሕፃን አደረግኸኝ ብላ አኮረፈች። ያን ሐይቅ ዳግም ላላይ ምዬ እንደነበር ታውቃለች፤ ሲገባት ግን መጥታ አቀፈችኝ። ቁልፏ ትንሽ ናት፣ ከማተቤ ጋር አስሬያታለሁ። ቄሱ ቢያዩ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ሰኞ ዕለት ነፋሱ ተነሣና ጠራችኝ። በረዶ ቢጤ እየጣለ ነበር። ዳር ላይ ተንበርክኬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ባላጠብቃቸው ብዬ ተመኝቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ገባች። ራሷ ይታያል፣ ይጠፋል፣ ይታያል። እኔ የመርካቶ ልጅ፣ ዋና የማላውቅ፣ ብትሰምጥ እንኳ አብሬ ከመስመጥ ሌላ ምን አደርግላታለሁ? ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያልኩ፣ እመቤቴን እየጠራሁ ቆምኩ። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ያንቺን ሳቅ እየሳቀች ወጣች። ስለ ሳቋ ላመሰግን ወይስ ልራገም አላወቅሁም።

ፊኖቹን ፈትቼ ካፖርት ኪሴ ከተትኳቸው። መኪና ውስጥ ውኃቸው አልፎ ጭኔ ድረስ ዘለቀ። ያ ብርድ፣ ያ ውኃ ነው አንቺን የያዘሽ። እቤት እስክንደርስ ከኪሴ አላወጣኋቸውም።

ሰሊዬ፣ ቃል ልግባልሽ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጃችን እስክትወጣም ካለሁበት አልነቃነቅም፤ እዚያም ቆሜ አንቺን አስብሻለሁ። አንቺን ያን ቀን ዳር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ሰው አልነበረም።

ያንቺው ታዴ