በአበባ መደብ ዙሪያ የቀረው ወረፋችን

ለተከበሩ የብሔራዊ ቡድን ደጋፊዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መቱ

ጉዳዩ፦ የተላከልንን የክብር ትኬት በክብር ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ መኪናም፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ባልዲ፣ ጄሪካንና የላስቲክ ጫማ የምሸጠው ሲሃም ሱፊያን ነኝ። ላያውቁኝ ይችላሉ፤ የመኪናዎ መስታወት ጥቁር ስለሆነ አልቀየምዎትም። እኔ ግን ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ ሲገቡም ሲወጡም ስለማይዎት እንደ ቤተሰብ ነው የምቆጥርዎት።

የምጽፍልዎት ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ለጋሼ ጎንፋ ኢቲቻ «ለቀድሞ ስፖርተኛ የተደረገ ልዩ ክብር» ተብሎ በፖስታ ታሽጎ የተላከላቸውን፣ ብሔራዊ ቡድናችን በሚቀጥለው ወር ለሚያደርገው ጨዋታ የሚሆን የክብር ቦታ ትኬት ለመመለስ ነው። ትኬቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ደብዳቤው ሰው ሁሉ እንዲያነበው የፈለግኩትም ምስጋና በድብቅ ሲሆን ስለማያምርብኝ እንጂ ለሌላ እንዳይመስልዎት በትሕትና አሳስባለሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ የሚባለውን ነገር ምን ያህል እንደሚያከብሩ በዓይኔ አይቻለሁና።

፩. በመጀመሪያ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ለሚያደርገው ጨዋታ የኢሉባቦር ደጋፊዎች ትኬት እዚሁ መቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በወረፋ ቅደም ተከተል እንደሚሸጥ፣ የሚወስደን አውቶቡስም እንደተዘጋጀ ይገልጽ ነበር። እኛ ደግሞ ማኅተም ያለበትን ነገር የምናምን ሰዎች ነን። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሁሩሙም ቡሬም ደረሰ፤ ከዳሪሙ ጭምዴሳ የሚባል ቡና አምራች ስንቁን ይዞ በእግሩ መጣ። አገራችን እኛንም እንደ ደጋፊ ቆጠረችን ብለን የተደሰትንበት ያ ሳምንት የእርስዎ ስጦታ ነው፤ መልሰው ስለወሰዱት ያልተሰጠን አይመስለኝም።

፪. ስለ ግቢ ማስዋቡ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ወረፋ ማለት በመቱ ምን እንደሆነ ላስታውስዎት እገደዳለሁ፤ ቧንቧ ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ሊረሳው ይችላልና። ቦኖ ውሃ ስንቀዳም ሆነ ስኳር መጣ ሲባል፣ ማንም ሥራውን ፈትቶ ቀኑን ሙሉ ተገትሮ አይውልም። ድንጋዩን በተራው አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ሰውዬው ነው። ዝናቡ ድንጋዩን ሲደበድብ ባለቤቱ እርሻው ወይም ሱቁ ላይ ይውላል፤ ሲመለስ ቦታው እንዳለ ይጠብቀዋል። የሰው ድንጋይ የሚያነሳ ሰው መቱ ውስጥ ገና አልተወለደም እያልን ስንኩራራ የኖርነው እርስዎ ወደ ከተማችን ተዛውረው እስኪመጡ ድረስ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ከበርዎ ጀምሮ አጥሩን ተከትሎ የተደረደረውን ድንጋይ ከሱቄ ሆኜ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ቦጋለች ያኖሩት የተሰበረ የወፍጮ መጅ ነበር። ጭምዴሳ የሱ ከሌላው እንዳይቀላቀልበት ወገቡን በቃጫ አስሮለታል። የእርስዎ የራስዎ ዘበኛ መክብብ እንኳን እኛን እንደማንኛውም ሰው ተከትሎ ድንጋዩን ከኋላ አስቀምጧል። ከሁሉም ፊት፣ በሩ ሥር፣ የጋሼ ጎንፋ ድንጋይ ነበረች። ስለ እሷ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። የመቱ ወጣቶች ጎል ብረት ሳይሆን ሁለት ድንጋይ በነበረበት ዘመን ጋሼ ጎንፋ በረኛ፣ ሟቹ አባቴ ሱፊያን ደግሞ አጥቂ ነበሩ። ከሁለቱ ድንጋዮች አንዷን፣ ከሶር ወንዝ የወጣች ጥቁር ጠፍጣፋ፣ ጫፏ የተፈለጠ፣ ሜዳው ቤት ሲሠራበት ጋሼ ጎንፋ ተሸክመው ወደ ደጃፋቸው ወስደዋት ነበር። በዚያ ሳምንት ወደ እርስዎ በር ያመጧትም ራሳቸው ናቸው።

እሑድ ዕለት ግን ትኬት ሽያጩን የሚያስጀምር እንግዳ ከላይ እንደሚመጣ ተሰማ፤ «ግቢው ይጽዳ፣ የተዝረከረከው ድንጋይ ይሰብሰብ» የሚል ትእዛዝም ወጣ። መክብብ ፈራ ተባ እያለ «ጌታዬ፣ እነዚህ እኮ ሰዎች ናቸው» ቢልዎት «ሰው ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸው ይነሱ ነበር» ብለው እንደመለሱለት ነግሮናል። እውነትዎን ነው። ስለዚህ ወረፋችን ተለቅሞ ኖራ ተቀባና በአበባ መደቡ ዙሪያ በክብ ተደረደረ። ሰኞ ጠዋት ስንደርስ ፊት ለፊታችን ያገኘነው ይህን ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ለእንግዳ የሚያምር።

፫. በዚያው ጠዋት ስለሰጡን የሂሳብ ትምህርት አመሰግናለሁ። ማን ከማን ኋላ እንደነበረ ከእኛ መካከል የማያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ቦጋለች ከጋሼ ጎንፋ ቀጥሎ፣ ጭምዴሳ ከእትዬ ቦጋለች ቀጥሎ እያልን ልንቆጥርልዎትም ጀምረን ነበር። እርስዎ ግን እጅዎን አንስተው፣ ክብ ነገር መጀመሪያም መጨረሻም እንደሌለው፣ ኮሚቴውም የሚያውቀው በቦታው የሚታይ ወረፋን ብቻ እንደሆነ አስረዱን። በቦታው ወረፋ ባለመታየቱም ትኬቱ ለባለድርሻ አካላት እንዲከፋፈል ተወሰነ። ባለድርሻ አካላት እነማን እንደሆኑ የተረዳሁት አውቶቡሱ ሲሞላ ነው፤ አብዛኞቹን ከልጅዎ ሠርግ አውቃቸዋለሁ፤ የድግሱን ባልዲ የሸጥኩት እኔ ነኝና። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች እንደነገሩኝ ደግሞ የኢሉባቦር ደጋፊዎች የሚል ጨርቅ በተሰቀለበት በኩል ወንበሩ በአመዛኙ ባዶ ነበር። ባለድርሻዎቹ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ሌላ ጉዳይ በዝቶባቸው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

፬. አሁን ወደ ክብር ትኬቱ ልምጣ። ያን ሰኞ ሌላው ሰው ለጨዋታ ሲሰለፍ ጋሼ ጎንፋ የተሰለፉት ለዓይናቸው ነበር። ጅማ ያያቸው ሐኪም ሕመሙ የዓይናቸውን ነርቭ እንደበላው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ አልሸሸጋቸውም። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሔራዊ ቡድኑን በሬዲዮ ሲከተሉ ኖረው በዓይናቸው አንድም ቀን አላዩትም። በቀን ብርሃን አረንጓዴን ከቢጫ መለየት ይችሉ ስለነበር፣ «ሲሃም፣ አንዴ ሜዳውን ልየውና ከዚያ ይጥፋ» ብለውኝ ነበር። ኮታቸውን አስተኩሰው፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ሰቅለውት፣ በየቀኑ እየመጡ ይዳብሱት ነበር። ይህንን ሁሉ በዚያ ጠዋት ለእርስዎ ስንናገር ትከሻቸውን በፍቅር መታ መታ አድርገው፣ «አይዞዎት አባባ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ቅድሚያው የእርስዎ ነው» አሏቸው። ቃልዎን ጠብቀዋል። ዓይናቸው ግን የኮሚቴውን የጊዜ ሰሌዳ መጠበቅ አልቻለም። ከጥቅምት ወዲህ ጋሼ ጎንፋ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለዩት በወፍ ድምፅ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ከአክብሮት ብዛት እንደሆነ አድርገው ይውሰዱልኝ።

ስለዚያ የባለፈው ዓመት ጨዋታ ቀን ደግሞ ማንም አልነገረዎት ይሆናል። እርስዎ በክብር ቦታ ተቀምጠው ሳለ መክብብ የግቢዎን በር ከፈተልን። ጋሼ ጎንፋ ያን የተተኮሰ ኮት ለብሰው መጡና አበባ መደቡ ሥር ተንበርክከው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። የተፈለጠ ጫፏን ሲያገኙ አጠገቧ ተቀመጡና ሬዲዮኑን ከፈቱ። እትዬ ቦጋለችም መጃቸውን ፈልገው ተቀመጡ፤ ጭምዴሳም፤ መክብብም ዱላውን ጥሎ ተቀመጠ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ማስታወቂያው እንዳዘዘው ሁላችንም በቦታችን ነበርን። አጋማሽ ላይ ጋሼ ጎንፋ ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ከፊታቸው ስንት ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። ማንም እንደሌለ ነገርኳቸው፤ ለካ እርስዎ ያስተማሩን የክብ ነገር ለዚህ ለዚህም ይጠቅማል።

የላኩላቸውን ትኬት ባለፈው ሳምንት በጣታቸው ሲያገላብጡት ቆዩና ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አረንጓዴ ነው አልኳቸው። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አኖሩትና፣ «ገለቶማ በይልኝ፤ ስድብ እንዳትጨምሪበት» አሉኝ። ስለዚህ በእሳቸው በኩል ገለቶማ፣ ማለትም እግዜር ይስጥልን። በእኔ በኩል ያለውን ግን ለእሳቸው ስል ትቼዋለሁ፤ እስካሁን ያነበቡት ሁሉ ትቼው የተረፈው ነው።

ኖራዎ የማይለቅ፣ እንግዳዎ የማይቀር፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከጥቁሩ መስታወት ወዲህ ማዶ በየቀኑ የማይዎት፣

ሲሃም ሱፊያን
የላስቲክ ዕቃ ነጋዴ፣ መቱ

ግልባጭ፦
ለዘበኛ መክብብ፣ ድንጋይ ሰው መሆኑን ቀድሞ ስላወቀ
ለኢሉባቦር ባለድርሻ አካላት፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእንግዳው ሲባል ከሰው ግቢ ተቆርጠው ያለ ሥር የተሰኩት አበባዎች በሳምንታቸው ደርቀዋል። የተሰካ እንጨት ሁሉ በሚያቆጠቁጥበት በእኛ ዝናብ አበባ ማድረቅ ቀላል ሥራ ስላልሆነ ሙያዎን አደንቃለሁ። ባዶ አፈር አጥር ስለማያስፈልገው ትናንት ድንጋዮቻችንን አንስተን በየተራቸው ወደ በርዎ መልሰናቸዋል። የፊተኛዋን ድንጋይ ኖራ ጋሼ ጎንፋ በውሃና በእጃቸው ፈትገው አጥበውታል፤ አሁን እንደ ድሮዋ ጥቁር ናት። ትኬት ፈልገን አይደለም፤ የለመድነውን ቦታ እንዳንረሳ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት፦ ሾፌርዎ ሲገባና ሲወጣ ቀስ እንዲል ይንገሩልን። በሩ ላይ ሰው ቆሟል።