በሹካ የሚለካ ጦርነት

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጸበሉ በጣም ይበርዳል? ወገብሽስ ሻል አለው? እኔና አባዬ አንድ ድስት ከማቃጠላችን በቀር ደህና ነን። ስልክሽ አይነሳም፤ አባዬ «እዚያ ኔትወርክ የለም» ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። አማርኛዬ ከተሳሳተ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ውቀሺ።

ጨዋታችንን አልተውኩም። የፕላስቲክ ወታደሮቹ አሁንም ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ባወጣሽው ሕግ ይዋጋሉ፤ አንድ ሹካ ያህል መራመድ፣ አንድ ጭልፋ ያህል መተኮስ፣ ዳይሱ አራትና ከዚያ በላይ ካለ ተመታ። የወደቀውን ግን ወዲያው ማንሳት ክልክል ነው። «የወደቀ ሁሉ ሞተ ያለው ማነው?» ብለሽ፣ ዳይስ ይጣልለት አልሽ። ስድስት ከወጣ ይቆማል፣ ካልወጣ ወደ ጫማ ካርቶኑ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ተክለብርሃን ቤታችን ተቀምጧል። ታክሲውን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አቁሞ ሳንቲም ከሚበላው ፓርኪንግ ሜትር ጋር የሚጨቃጨቀው። አገር ቤት የነበረበት ሠራዊት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ እሱ ግን በየፋሲካው ማዕረግ ይጨምራል፤ ዘንድሮ ሻለቃ ደርሷል። «በፕላስቲክ አልዋጋም» ሲል የኖረው ሰውዬ «ነይ እስቲ ግጠሚኝ» አለኝ።

አሮጌ ነጠላሽን እንደተለመደው ወንዝ አድርጌ ዘረጋሁ። እትዬ ፅጌም ሬስቶራንቷን ዘግታ ወጥ ይዛ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው፤ እኔን ስታይ ፈጥና ገለበጠችው።

ያንን ቆቡን በጥፍር ቀለም ቀይ የቀባሽውን ወታደርሽን፣ ጋሼ ተኮሰበት። ዳይሱ አምስት እያሳየ «አልመታሁትም» ብሎ ማለ። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ወንዙ ዳር አስተኛሁት።

ከዚያ ልፈትነው ብዬ ታንኬን ሦስት ሹካ አስኬድኩ። አየኝ። ዳይሱን አቀበለኝ። በዳማ ሕፃን የሚያስለቅስ ሰውዬ እኮ ነው! ጄኔራሉን በጣቴ ገፍቼ ጣልኩበት። «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ አሸነፍሽኝ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ «አንቺ ቀበጥ» ነው የሚለኝ።

ምንም አልተሰማኝም፣ እማዬ። እግር ሲደነዝዝ የለ? እንደሱ፣ ግን ሁሉ ነገሬ። ኦኬ አልኩና የቀሩትን ወታደሮች ደረደርኩ።

አባዬ በረንዳ ላይ በሹክሹክታ ስልክ ያወራል። ነገ ትምህርት ቤት የለሽም፣ ማለዳ እንነሳለን፣ በጊዜ ተኚ አለኝ። እትዬ ፅጌም እዚሁ ታድራለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ! ይገርምሻል።

ወታደርሽ እዚያው እንደተኛ ነው። ሕጉ ዳይሱ መቼ እንደሚጣል አይልም። ሶ አልጣልኩለትም። ዳይሱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እስክትመጪ ማንም አይነካውም።

እስከ ትናንት ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ «እግዜር ይማራት» ሳይል አይቀመጥም ነበር። ዛሬ አንድም ሰው አላለም። ረስተውት ይሆናል፣ ሽማግሌዎች አይደሉ?

እኔ ልበልልሽ። እግዜር ይማርሽ፣ እማዬ።

ቀበጧ ልጅሽ