ለአንቺ ብቻ የሚወጣ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሚጢዬ፣ የኔ ዓለም፣

እሑድ ስልኩን ያላነሳንልሽ ቤት ሳንኖር ቀርተን አይደለም። አጠገቡ ነበርን። ሁለታችንም እያየነው ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። «ምን ሆናችሁ ነው? አባዬን አመመው እንዴ?» ያልሽውን መልእክት አይቻለሁ። በአፌ እንዳልነግርሽ አባትሽ ከአልጋው ሆኖ ይሰማል፤ ደግሞም አስምሎኛል። ስለዚህ እጽፈውና ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ የመሐላውን ኃጢአት እኔው ልሸከመው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጭንቅላቱ ውስጥ ሽቦ፣ ደረቱ ሥር ማሽን ከቀበሩለት ወዲህ የእጁ መንቀጥቀጥ ቀጥ ማለቱን ታውቂያለሽ። ሻይ ሳያፈስ ሲጠጣ ቀርጬ ልኬልሽ እልል ብለሽ ነበር። ግን ያ ማሽን እጁን ሲያረጋ ምላሱን አሰረው። ሐኪሙ ቢያስተካክለው፣ መልሶ ቢያስተካክለው፣ ወይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ንግግሩ ይኮላተፋል። «ከመውደቅ መኮላተፍ ይሻላል» አለን። እውነቱን ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ አባትሽ እንደ ድሮው እንኳ አይሆንም፣ ይብስበታል።

ሱቁንም የዘጋነው ለዚሁ ነው። ዕድሜ ልኩን ሬዲዮና ስፒከር ሲጠግን የኖረ ሰው ከትልልቅ ስፒከር ራቅ ተባለ። ከኋላው ያለው ማግኔት ደረቱ አጠገብ ከደረሰ ማሽኑን ያጠፋዋላ! ብረት በያጁ ጎረቤታችን ሥራ ሲጀምር በሌላ መንገድ እንዞራለን። ባንክ በር ላይ ዘበኛው የብረት መፈተሻውን ሲያነሳ መሀል እገባለሁ። አንድ ቀን «እናቴ፣ እርስዎ ጠባቂው ነዎት?» አለኝ። «አዎ፣ ደመወዝ የሌለኝ» አልኩት። «ዜና» የምንላት ጎረቤታችን ደግሞ መብራት የጠፋ ቀን መጥታ «ስልኬን እሱ ላይ ቻርጅ ላድርግ?» ብላ ቀለደች። አባትሽ ሳቀ እንጂ መልስ አልሰጣትም። እሱ! ለማንም መልስ የማያጣው ሰውዬ!

ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ የደወልሽ ቀን «ምን? ምን አልክ አባዬ? አይሰማኝም፣ እማዬን ስጠኝ» አልሽው። ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ግማሹ አይገባኝም። ስልኩን አቀብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ማታ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ስመለስ «አወራን፣ ደህና ሰማችኝ» አለኝ። አንቺም «የአባዬ ድምፅ ተመለሰ!» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ በየእሑዱ ታወሩ ነበር። በስልክ ይቀናዋል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ሞኝ አይደለሁ?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ የማጠቢያው ማሽን ተበላሽቶ ገና በቀን ለቀቁን። በራችን ላይ ስደርስ ድምፁን ሰማሁት። ጥርት ያለው፣ እኔን ያገባበት ድምፅ! ገርበብ ያለውን በር ገፋ ባደርገው ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በእጁ መያዝ አይችልማ። ሸሚዙ ተከፍቷል። ከሱቁ የቀረው ትልቁ ጥቁር ስፒከር እግሩ ሥር ነው። ጉልበቱ ከጠረጴዛው እየተጋጨ እንዳይሰማሽ መሀሉ ላይ ትራስ ወትፏል። ከነወንበሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ «እኔማ ወጣት ሆኛለሁ! እናትሽን ሌላ ላምጣብሽ ወይ እያልኳት ነው» ይልሻል። አንቺም ትስቂያለሽ።

ማሽኑ የሚጠፋበትንና የሚበራበትን ሪሞት እኔ ነኝ የምቆልፍበት። እሱ ግን ምላሱ እንዲፈታ በየእሑዱ ስፒከሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ማሽኑን ያጠፋው ነበር፤ ስትጨርሺ ደግሞ እንደዚያው አድርጎ ያበራዋል። ያን ቀን ስልኩን እንደዘጋሽ ስፒከሩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እጁ አልታዘዘው አለ። ሮጬ ሳልደርስለት ከነስፒከሩ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፣ ሚጢዬ። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ «ወገቡን ትንሽ አሞታል፣ ተኝቷል» ያልኩሽ እሱን ነው።

ሐኪሞቹም ቀዶ ጥገና ሲያደርጉ የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለጭንቅላቱ ሽቦ ያሰጋል፣ ልቡም ደክሟል ብለው ሳይነኩት መለሱልኝ። ጀርባው መቁሰል ጀምሯል። ሥራዬን ትቼ እያገላበጥኩ አጥበዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ ሾርባውንም እምቢ ብሏል።

እሑድ ስልኩ ሲጮህ በጣቱ ስፒከሩን አሳየኝ። «ሞቼ ልገኝ!» አልኩት። ለመነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ለምኖኝ አያውቅም። ስልኩን አንስቼ ጆሮው ላይ ላደርግለት ስል ራሱን አወዛወዘ፤ በዚህ ምላሱ ልትሰሚው አልፈለገም። ጩኸቱ ሲያበቃ እንባው በጎን ወደ ጆሮው ወረደ። «ጠፋሁባት» አለ።

ስፒከሩን ትናንት ከቤት አስወጥቼ ለሰው ሰጥቻለሁ። ተቆጥቶብኛል፤ ይቆጣ። አሁን ያለችው ይቺ የተኮላተፈች ድምፅ ናት። ይህ የደረሰሽ ዕለት ደውዪ፤ እሑድን አትጠብቂ። እምቢ ቢለኝም ስልኩን ጆሮው ላይ አደርገዋለሁ። «ምን?» አትበይው። አትቸኩዪ፣ አፉ ላይ ያለውን ቃል ቀድመሽ አትጨርሺለት። እንዳታለቅሺ ደግሞ፤ ከዘጋሽ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ታለቅሻለሽ።

ከክፉ ቀን ይሰውርሽ፣ ልጄ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቢ። ብቻ ለእሱ፣ አንድም ቃል ባይገባሽ፣ «ሰማሁህ አባዬ» በይው።

እናትሽ