ከብረት አጥሩ የተቆረጠው የአባባ ጨርቅ

ለምወድህ ወንድሜ ለአንሴልሞ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? ሚስትህ ግራሲዬላስ ወገቧ ተሻላት ወይ? ትንሹ ቶቶስ ጥርስ ማብቀል ጀመረ? ባህር ማዶ በእናንተ በሜንዶዛ በኩል አሁን ክረምት ነውና ብርዱ እንደጠና ሰምተን እማማ "ያ ልጅ ደረቱን ሳይሸፍን ይወጣ ይሆናል" እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። እኛ በሰውነታችን ሁላችንም ደህና ነን። በሌላው ግን ምርር ብሎኛል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የገዛ ከተማችን አቅለሸለሸችኝ።

በጋ ሲመጣ እዚህ የሚሆነውን ታውቀዋለህ፤ ዘንድሮ ግን ባሰ። ጃንጥላው ከጃንጥላ ተገጣጥሞ አሸዋው አይታይም። ጎብኚዎቹ ሰውነታቸውን የሚቀቡት ቅባት ውሃው ላይ ተንሳፎ ያብረቀርቃል። ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምቀይረው እኔ ስለሆንኩ ጉዳቸውን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አሸዋቸውን አልጋ ላይ፣ የሐብሐብ ልጣጫቸውን መታጠቢያው ውስጥ ትተውልኝ ይሄዳሉ። እንጀራዬ ከእነሱ መሆኑን ሳስበው ደግሞ ራሴንም እጠላለሁ።

አሁን ደግሞ ከንቲባችን "ታሪካችንን ለጎብኚ እናሳይ" ብሎ ተነሥቷል። ታሪካችን ምንድን ነው? አያታችን መረብ ያደርቅበት የነበረው አሸዋ ነው። ሴቶቹ ሰርዲን በጨው ሲደረድሩ እጃቸው ይሰነጣጠቅበት የነበረው መጋዘን ነው። ከዚያ እንግሊዞቹ መጥተው ዘንባባ ተከሉ፣ ሆቴል ሠሩ፤ ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ በባቡሩ የሚላኖ ሀብታሞች መጡ፤ ጀልባዎቹም አንድ በአንድ አለቁ። ይህ ለጎብኚ አይጥምም፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ስለዚህ ሌላ ታሪክ ፈጠሩ። የባህር ወንበዴ ይጠበቅበት የነበረው ግንብ እንኳ መጠጥ ቤት ሆኗል። ጎረቤታችን ዴሊና "ድሮ ወንበዴው ከውጭ ነበር፣ አሁን ውስጥ ገብቶ ይቀዳል" ትላለች።

ከሁሉ የከፋው ገደሉ አናት ባለው በሴቶቹ ድንጋይ ላይ የሠሩት ነው። ልጆችህ አላዩትምና ንገራቸው። ጀልባ ሳይመለስ ሲቀር ሚስትየው ከባሏ ልብስ ቁራጭ ቀዳ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ካለው የብረት አጥር ታስራለች። ማንም ሰው አይነካውም። ነፋስና ጨው በልተውት ሲወድቅ "አሰናበታት" ይባላል፤ ያን ጊዜ ጥቁሯን ታወልቃለች፣ ከፈለገችም ታገባለች። የሌሎቹ ጨርቅ በሁለት በሦስት ዓመት ወደቀ። እማማ ግን የቀደደችው የአባባን ያረጀ የዝናብ ካፖርት ነበር፤ ያ ጎማ የተቀባ ድፍን ጨርቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልወድቅም ብሎ ቆየ። ስታስረው አንተ ገና ድክ ድክ ትል ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ ጋስፓሬ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ እማማን እንደሚጠብቅ አገር ያውቃል። በየማለዳው ትኩስ ዳቦ በራችን ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል እንጂ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ወደቡ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች "ጋስፓሬ፣ ዛሬስ ሳይቀናህ አይቀርም!" እያሉ ይስቁበታል። እሱም "ተዉት እባካችሁ፣ ጎማው ከእኔ ይበረታል፤ ቀድሜ የምወድቀውስ እኔ ነኝ" ይላቸዋል።

በጋው ሲገባ ከንቲባው ድንጋዩን "የፍቅረኞች ሰገነት" ብሎ ሰየመው። አንዲት የመስፍን ልጅ ከዓሣ አጥማጅ ወዳጇ ጋር ተቃቅፋ ከዚያ ተወርውራለች ተባለ። እንዲህ ያለች ልጅ በዚህ አገር ኖራም ሞታም አታውቅ! ጎብኚዎቹ ፍቅራቸው እንዳይፈታ ብለው ጓጉንቸር ገዝተው አጥሩ ላይ ይቆልፉና ቁልፉን ባህር ውስጥ ይወረውራሉ። አባባ ባለበት ባህር ውስጥ፣ አንሴልሞ! በኋላም ለጓጉንቸሩ ቦታ ጠበበ ተብሎ የጽዳት ሠራተኞች ተላኩ፤ አጥሩ ላይ የቀረውን የአባባን ጨርቅ በቢላ ቆርጠው ከቆሻሻ ጋር ጫኑት።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጮኽኩ። ከንቲባው እግሩን አነባብሮ ጀላቲ እየላሰ "ምን ነካሽ ኒቬስ፣ ቡትቶ እኮ ነው፣ ፎቶ ያበላሻል" አለኝ። የአባቴ መሆኑን ብነግረው ደግሞ ትንሽ አሰብ አድርጎ "እንግዲያው እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁሯን ለብሳ እዚያ ብትቆም ጎብኚው ይወድላታል" አይለኝ መሰለህ! ፊቱ ላይ እንትፍ እንዳልል ምራቄ ደርቆብኝ ነው የወጣሁት።

እማማ ግን አላለቀሰችም። በገደሉ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችና "ሰው የቆረጠው ስንብት አይደለም። ከእንግዲህ የሚወድቅም የለ፤ እስክሞት ታስሬ ቀረሁ" አለች። እህልም አልቀምስ አለች። ደግማ የምታስረው ቁራጭ የላትም፤ ካፖርቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጋስፓሬ ነው፤ እስከ ክርኑ ጨቅይቶ ይገማል። የዓሣ ራስና ዳይፐር የተከመረበትን የከተማውን ቆሻሻ መጣያ በእጁ ሲምስ ከርሞ ጨርቁን አገኘው። ራሱ ሳይታጠብ ጨርቁን አጥቦ፣ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልሎ አመጣላት። "እትዬ ኦርሶላ፣ ባልሽ ነው። ጠንካራ ሲባጎ ይዣለሁ፤ ከፈቀድሽ መልሼ ላስርልሽ" አላት። እንዲወድቅ ስንት ዓመት የጠበቀው ሰው!

እማማ ጨርቁን አየች፣ ቀጥላ እሱን አየችው። ከዚያ "መጀመሪያ ግባና ታጠብ፣ ትሸታለህ" አለችው። ጋሽ ጋስፓሬም ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። የዚያን ዕለት ሁለቱም አብረው ምሳ በሉ።

ጨርቁን አጥሩ ላይ መመለስ ግን አልፈለገችም። "ከዚያ ሁሉ ጓጉንቸር መሃል እኔ አባታችሁን አላቆመውም" አለች። እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አጣጥፌ ልኬልሃለሁ፤ ሲከፈት የጨው ሽታ ቢሸትህ እሱ ነው።

ለግራሲዬላ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ለልጆችህ ለፒላርና ለቶቶ፣ ለአማትህ ለዶና ኤልቪራ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጋሽ ጋስፓሬም ሰላም ብሎሃል፣ እያፈረ። እማማ ደግሞ በቃሏ እንዲህ በይው ብላኛለች፦ "አባቱን አይቶ አልጠገበውም፣ እሱ ዘንድ ይቆይ። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ፈልጎ ይሰረው። እኔስ መጠበቁን ትቻለሁ፤ የወደቀ ቀን እንዳይጽፍልኝ።"

እህትህ ኒቬስ
ፖርቶሳልሶ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2010