ቁጥር አሥራ አራት የአባቴ መደብ ነው

ይድረስ ለክቡር ቩዋይ ፋኪ
የምሥራቅ ዳርቻ እንግዳ መቀበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዛንዚባር

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነአዲሱ መኪናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የምጽፍልዎት በኪቩሊኒ መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ለገበያ የሚሆን የባሕር አረም የማለማው ሚዛ ሐጂ ነኝ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ከስብሰባ በኋላ ጋዜጣ ማንበብዎ አይቀርም ብዬ ይህንን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ «እንደ አገሬው ይብሉ፣ እንደ አገሬው ይዙሩ» የተባለው የጎብኚዎች መመሪያ መጽሐፍዎ በማማሩ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ፎቶግራፎቹም ከደሴታችን ይልቅ ያምራሉ። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ከትልቁ የማንጎ ዛፍ አጠገብ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት። ደጃፍ ላይ የሚቀመጡ ተግባቢ አዛውንት አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ምሳ ይጋብዛሉ። በኮኮናት ወተት የተሠራውን ኦክቶፐስ ይሞክሩ። ቀጠሮ አያስፈልግም።»

ተግባቢው አዛውንት አባቴ ሐጂ ኡሲ ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው ከማንጎው ጥላ አያልፍም። ምሳቸውን ደጃፍ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሰው ሲያልፍ «ና እንብላ» ይላሉ፣ አላፊውም «ጠግቤያለሁ፣ ይባረክ» ብሎ ትንሽ ቆም ይላል፤ የማን ጀልባ እንደወጣ፣ ማን እንደታመመ ነግሯቸው ይሄዳል። ይህ በመንደራችን ሰላምታ እንጂ የምግብ ቤት ማስታወቂያ አለመሆኑን ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። አባቴ ቀን ሙሉ ከሰው የሚገናኙት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

አቤቱታዬ በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መመሪያው በወጣ በሳምንቱ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አባቴም ደስ ብሏቸው «ሚዛ፣ ሰሃን ጨምሪ» አሉኝ፣ ጨመርኩ። በማግሥቱ ስድስት ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ቆመ፤ ሾፌሩም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ኦክቶፐሱ ደርሷል? ቶሎ በሉልን፣ ከዚህ ወደ ዋሻው ነው የምንሄደው» አለኝ። ዛሬ ባሕሩ አልሰጠንም፣ ያለው ካሳቫ ነው ብዬ ብነግረው፣ «መጽሐፉ ላይ እኮ አለ» ብሎ ገጹን አሳየኝ። እውነትም አለ።

ሁለተኛ፣ ከእንግዶቹ አንዱ በስልኩ አስተያየት ጽፎ ኖሮ፣ ይኸው ሾፌር ለአባቴ እየተረጎመ አነበበላቸው፦ «ምግቡ ደህና ነው፤ መቀመጫው ይቆረቁራል፤ ሽማግሌው ስትበላ ያዩሃል።» አባቴም «ታዲያ በገዛ ደጃፌ ወዴት ልይ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበሉት እቤት ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው፤ ከሰሃናቸው ግማሹ ይመለሳል። ስለ አስተያየቱ ከልብ እናመሰግናለን፤ መደቡን ግን ከድንጋይ የሠሩት አያቴ ስለሞቱ ቅሬታውን ማድረስ አልቻልንም።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «በረድፍ የተተከሉ ምስጢራዊ እንጨቶች ያሉበት ጸጥተኛ ዳርቻ» ያሉት የእኛ የባሕር አረም ማሳ ነው። ምስጢሩ አረሙ የሚበቅልበት ገመድ ማሰሪያ ችካሎች መሆናቸው ነው። አንድ ጌታ አሥራ አንዱን ነቅሎ ለፎጣው ጥላ ሠርቶባቸዋል። ቁጥር አሥራ አንድ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ እስከሚታየው የኮራል ቋጥኝ ድረስ «በፈለጉት ሰዓት» በእግር እንዲሄዱ ይመክራል፤ ባሕሩ ግን መመሪያዎን ስላላነበበ በሰዓቱ ሞልቶ፣ ሁለት ሴቶችን ጎረቤታችን ማካሜ በጀልባ አውጥቷቸዋል።

እነዚህን ጉዳዮች ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ «መጽሐፉ አንዴ ታትሟል፤ በሩን ለምን ሌላ ቀለም አትቀቡትም?» ብለው መከሩኝ። ምክሩን ተቀብዬ ሰማያዊ ቀባሁት። እንግዶቹ አሁን በሩን አንኳኩተው፣ አረንጓዴው በር ያለው ቤት የትኛው እንደሆነ እኔኑ ይጠይቁኛል።

ለመጨረሻው ቁጥር አልሰጥም፣ ደክሞኛል። ጎረቤቶቻችን የእኛን አይተው ምሳቸውን በር ዘግተው መብላት ጀምረዋል። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እንደሚያውቁት በኢፍጣር ሰዓት ሁሉም ምንጣፉንና ምግቡን ይዞ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ያለውም የሌለውም አብሮ ይበላል። ዘንድሮ ግን ባለፈው ዓርብ ተሰብስበው፣ ሁሉም በየቤቱ ያፍጥር ተባባሉ። አባቴ ይህንን ሲሰሙ «እንግዲህ ጾሙን ብቻዬን ልፈታ ነው» አሉ። እኔ ያዘንኩት በዚህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይቻላል።

እንደሚያውቁት ያልኩት በምክንያት ነው። ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከፔምባ ደሴት ተመድቦ የመጣ፣ በዳርቻው ላይ የዓሣ ምርት የሚመዘግብ አንድ ወጣት ነበር። ደመወዙ ለሰባት ወር ሳይደርሰው ቆየ። በምሳ ሰዓት በደጃፋችን ሲያልፍ አባቴ እንደማንኛውም ሰው «ና እንብላ» አሉት፤ እሱም ተቀመጠ። ከመክሳቱ የተነሣ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ማጥበቁን አይተን ስለነበር ማናችንንም አልገረመንም። በማግሥቱም ጠሩት፣ ተቀመጠ። መንደሩ ሁሉ «ጠግቤያለሁ» ብሎ የሚያልፈው፣ የራበው አንድ ሰው ሳያፍር እንዲቀመጥ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ያ ወጣት ክቡርነትዎ ነዎት። ቁጥር አሥራ አራትን የጻፉት ባለማወቅ ሳይሆን በማስታወስ ይመስለኛል፤ ስለ ውለታ መላሽነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ረመዳን ሳይገባ ቁጥር አሥራ አራት ይሰረዝልን፣ ለሾፌሮቹም ይነገራቸው። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ከእኔ ምክር ይውሰዱ። ጀልባ መውረጃው ዘንድ ቢ ምዋናቱሙ የምትባል ሴት ማንጎና ሎሚ የገባበት የኡሮጆ ሾርባ ትሸጣለች፤ እንደሷ የሚያጣፍጥ የለም፣ እንግዳም ትፈልጋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ መመሪያው ውስጥ አግቡኝ ብላ አመልክታ «ሱቅሽ እይታ የለውም» ተብላለች። ኮራሉን ማየት ለሚፈልግም ማካሜ አለ፤ ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ ያውቃል። በእኛ ደጅ የሚያልፍ ሰው ደግሞ እንደ አገሬው መሆን ካማረው፣ ሲጠሩት አመስግኖ ይለፍ፤ ከራበው ይቀመጥ።

የክቡርነትዎን ዕድሜና ሥልጣን ያርዝምልኝ እያልኩ፣ ድሮ አረንጓዴ፣ አሁን ሰማያዊ ከሆነው፣ እስካሁን ግን ተቆልፎ ከማያውቀው በር ኋላ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሚዛ ሐጂ ኡሲ
ኪቩሊኒ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ ሳነብላቸው፣ የቀበቶውን ነገር አውጪው፣ ሰው አይዋረድም አሉኝ፤ አላወጣሁትም፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪልኝ ብለዋል። ቩዋይ በእነዚያ ሰባት ወራት አንድ ቀን እንኳ «ጠግቤያለሁ» ብሎኝ አያውቅም፤ አሁን በደጄ አልፎ ይበለኝ ብለዋል።