የወንድሜ ስልክና የእኔ መንጋጋ

ቀን፦ የካቲት 11

ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሂሳቤ ማረጋገጫ ኮድ ከወንድሜ ስልክ ወጥቶ ወደ እኔ ስልክ እንዲገባልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ አክብሮቴን አቀርባለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን በአክብሮት ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ እዚህም እዚያም ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታዎን ከወዲሁ እለምናለሁ።

1. እኔ አመልካች የሰርከስ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቡድናችን ድንኳኑን ጭኖ ከአገር አገር ይዞራል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን ይዤ እከተላለሁ። አክሮባቶቹ የቀደዱትን እሰፋለሁ፣ የጠበባቸውን አሰፋለሁ። ደመወዜ በእናንተ ባንክ ባለኝ ሂሳብ ይገባል፤ የትም ብሆን የምከፍለው በዚያው ሂሳብ ካርድ ነው።

2. ከአገር ስወጣ በቅርንጫፋችሁ መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ፣ ውጭ ሆኜ በካርዱ በከፈልሁ ቁጥር በስልኬ የማረጋገጫ ኮድ እንደሚላክ ነገረችኝ። የአገር ቤቱ ሲም ካርድ ግን ከድንበር ወዲያ አይሠራም። ምን ይሻላል ብላት፣ «ለምታምኚው ሰው ትተሽ ሂጂ፤ ኮዱን በስልክ ይነግርሻል» አለችኝ። ለታላቅ ወንድሜ ተውሁለት። ምክሩ የእናንተ ስለነበረ እዚህ ላይ ራሴን አልወቅስም።

3. ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ሳይሰማ በካርዱ የገዛሁት ነገር የለም። ልብ ይበሉልኝ፣ ጋሼ ሌባ አይደለም፤ ከገንዘቤ አምስት ሳንቲም አልነካም። ነገር ግን ኮዱን ከመንገሩ በፊት መነጽሩን ይፈልጋል። መነጽሩን ካገኘ በኋላ መልእክቱን ከሱቁ ስም ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሚስቱም ከኋላ ሆና «ደሞ ምን ልትገዛ ነው?» ትላለች። ያን ጊዜ እኔ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆሜአለሁ፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ጫማ ስገዛ «ያኛውስ ምን ሆነ?» ተብያለሁ። የውስጥ ልብስ ስገዛ የሱቁ ስም ለቤተሰቡ በሙሉ ተነቧል፤ ሳይውል ሳያድር አክስቴ ደውላ ስለ ጨዋነት መከረችኝ። የሰርከሱ ልጆች ወንድሜን «የገንዘብ ሚኒስትሩ» ይሉታል፤ ዕቃ ባነሣሁ ቁጥር «በጀቱ ጸድቋል ወይ?» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

4. አሁን አልስቅም። ባለፈው ወር የታችኛው መንጋጋዬ አበጠ። መግሉ አፌ ውስጥ እየፈሰሰ፣ የገዛ ምራቄን መዋጥ እያቅለሸለሸኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሟ ሥሩ ከታከመ ጥርሱ እንደሚተርፍ፣ ካልታከመ ግን መነቀሉ እንደማይቀር ነገረችኝ። ለሥሩ ሕክምና አስቀድሞ መክፈል ያስፈልግ ነበር። ካርዴን ሰጠሁ፤ ማሽኑ ኮድ ጠየቀ፤ ጉንጬን ደግፌ ደወልሁ።

ጋሼ አነበበ። «የጥርስ ሕክምናና ውበት ይላል እኮ። ውበት!» አለ። ሚስቱ «ወርቅ ልታስተክል ነው!» አለች። ባበጠ አፍ ምሎ መገዘት ምን እንደሚመስል እርስዎን አይግጠምዎ። እያለቀስሁ ስለምነው መልእክቱን እስከ ታች ወረደና፣ «ይህን ኮድ ለማንም አይንገሩ ይላል። ባንኩ ራሱ ለማንም አትንገር እያለኝ፣ እኔ ከባንክ ልበልጥ ነው? ይልቅ አስነቅዪው፣ መንቀል ርካሽ ነው» ብሎ ዘጋው። ወዲያው ኮዱም ጊዜው አለፈበት።

በቦርሳዬ የነበረው ጥሬ ገንዘብ ለማስነቀያ ይበቃ ነበር። ተነቀለ። ሐኪሟ በፋሻ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደተቀበልኋት ያን ጊዜ አላወቅሁም።

5. በማግስቱ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደወልሁ። ቡድናችን ረጅም ውል ይዞ አንድ ቦታ ስለተቀመጠ አሁን የራሴ ቋሚ የሞባይል ቁጥር እንዳለኝ፣ ኮዱም በዚያ እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። «እህቴ፣ ቁጥር ለማስቀየር በአካል መቅረብ ግዴታ ነው» አሉኝ። የፓስፖርቴን ቅጂ በማኅተም አረጋግጬ ልላክ አልሁ። «በአካል ነው» አሉ። ሥራዬን ጥዬ ከመጣሁ ቦታዬን ሌላ ሰፊ እንደሚይዘው ነገርኋቸው። «በአካል ነው።» የጥርሴን ነገር ስነግራቸው ደግሞ፣ «ወንድምሽ አይደል እንዴ? ባዳ ቢሆን ይገባኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው ሙሉ እንደሆነ ከሳቃቸው ገመትሁ።

ቅሬታዬን በድረ ገጻችሁ ላቀርብ ብሞክር፣ ቅጹን ሞልቼ ስጨርስ ኮድ ጠየቀኝ። ኮዱ የት እንደገባ ያውቃሉ። ጋሼ ወዲያው ደወለና «ደሞ ማንን ልትከሺ ነው?» አለኝ። ይህን በወረቀት ጽፌ በፖስታ የላክሁት ስለዚህ ነው።

6. ክቡር ኃላፊ፣ አንገሽግሾኛል። ወንድሜ ገንዘቤን ከእኔ ይጠብቃል፤ ባንኩ ሂሳቤን ከእኔ ይጠብቃል፤ ሁለቱም ለእኔው ሲሉ እንደሆነ ይነግሩኛል። መርፌ እየወጋኝ ባገኘሁት ገንዘብ አፌ ውስጥ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚነቀል፣ መንጋጋዬን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ወሰኑ።

ከተነቀለው ጎን ያለው ጥርስም መጠዝጠዝ ጀምሯል። ሐኪሟ ለሚመጣው ወር መጀመሪያ ቀጥራኛለች። ይህኛውን ማስነቀል አልፈልግም።

ስለዚህ ከቀጠሮዬ በፊት የወንድሜ ስልክ ቁጥር ከሂሳቤ ተሰርዞ፣ ከፊርማዬ ሥር ያሰፈርሁት የራሴ ቁጥር እንዲተካልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ውሳኔዎን በተመዘገበው ስልክ እንዳይነግሩኝ አደራ፤ ጋሼ ያነሣዋል።

በአካል መቅረብን በሚመለከት፣ መመሪያችሁን አክብሬ ለጊዜው የቻልሁትን ያህል ቀርቤአለሁ።

ካበጠ ጉንጭ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
(የራሴ ስልክ ቁጥር)
የሂሳቡ ባለቤት

አባሪ፦ አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ፣ በፋሻ የተጠቀለለ